የኮምቦልቻ አየር የካታሎጉ አየር አይደለም፦ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ብሎወሮች የተሰጠ ምላሽ

በወሎ የሚገኙ ፋብሪካዎችና ከተሞች ፍሳሽ ለማጣራት የሚያወጡትን የኤሌክትሪክ ወጪ እንዴት እንደሚቀንሱ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፉ ግን የተማረ ሰው ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል፤ ቅንነትም አለበት። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ በማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ብዙውን ኤሌክትሪክ የሚበላው ወደ ገንዳው አየር የሚነፋው ብሎወር ነው፤ ስለዚህ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) እና በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ያለው ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ይገጠም። የሞተሩ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍጆታው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለመተማመኛ ያህል በገንዳው ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 4 ሚሊ ግራም ላይ ይያዝ። አንድ ሴንሰር ይበቃል፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ከተማውም ፋብሪካውም ስለሚያድግ ብሎወሩ ከወዲሁ ትልቅ ይሁን። የአሞኒያ መለኪያ ቢጨመርበት ደግሞ ከአውሮፓ ጣቢያዎች አናንስም።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሞተርና ከፓኔል ጋር ያረጀሁ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል ነው፤ ልብሴ ቤት ሲገባ ባለቤቴ መስኮት የምትከፍተውም ለዚሁ ነው። በእኛ አገር እንግዳን ከመሞገት በፊት ቡና ማፍላት ወግ ነውና፣ ከምንስማማበት ልጀምር።

አየር መንፋት የጣቢያውን ኤሌክትሪክ ይበላል ያሉት እውነት ነው። አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት ሰዎች በማንቸስተር የዝቃጭ ባክቴሪያን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1914 ይፋ ካደረጉ ወዲህ ሥራው አልተለወጠም፤ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን እንዲበሉ ኦክስጅን ማቅረብ ነው። ኦክስጅን ደግሞ ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ተገፍቶና ተለምኖ ነው። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ከጠቅላላው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሹ፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ለዚሁ ግፊያ ይወጣል። ስለዚህ ጸሐፊው ያነጣጠሩበት ቦታ ትክክል ነው። የተኩሱ ነገር ነው የሚያነጋግረን።

የአንድ ስምንተኛዋ ስሌት ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። ኢንቨርተር ሻጮች በሚያድሉት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አለች። አየር ለሚያንቀሳቅስ ማራገቢያ ትሠራለች። ያንኑ ውሃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ለሚያዞር ፓምፕም ትሠራለች። ለፍሳሽ ገንዳ ብሎወር ግን አትሠራም፤ ምክንያቱም ይህ ብሎወር የሚታገለው ከውሃ ክብደት ጋር ነው። አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚለውጡት ዲፊውዘሮች ከገንዳው ወለል ላይ፣ 4 ሜትር ተኩል ውሃ ተጭኗቸው ተቀምጠዋል እንበል። ያ ውሃ 44 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት አለው። በቧንቧው፣ በቫልቩና በዲፊውዘሩ ጎማ ላይ የሚባክነው ሌላ 6 ቢሆን ድምሩ 50 ይመጣል። የሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ የምትቀንሰው ያቺ 6ቷ ብቻ ናት። 44ቱ ስለ ሞተሩ ፍጥነት ግድ የላቸውም፤ ገንዳው ሞልቶ እስካለ ድረስ እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ሩትስ የሚባለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ክንፍ ያላቸው ዘንጎች እየተሽከረከሩ አየሩን የሚገፉበት ብሎወር ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከመጀመሪያው 45 በመቶ አካባቢ ይሆናል። 75 ኪሎ ዋት ይወስድ የነበረው 34 ያህል ይወስዳል ማለት ነው። በጸሐፊው ስሌት ግን 9 ተኩል አይሞላም። ሥራ አስኪያጁ ኢንቨርተሩን በ9 ተስፋ ገዝቶ ቆጣሪው 34 ሲያነብለት የሚጠራው ሰው እኔን ነው፤ ስለዚህ ይህቺ ልዩነት ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለችም። ማሽኑ ሴንትሪፉጋል፣ ማለትም አየሩን በሚሽከረከር ጎማ ወደ ውጭ እየወረወረ የሚገፋ፣ ከሆነማ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። የእርሱ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ድርብ ስለሚወድቅ በግማሽ ፍጥነት የሚኖረው ሩቡ ብቻ ነው፤ በሩብ ግፊት ደግሞ 4 ሜትር ተኩል ውሃ አይገፋም። አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ማሽኑ ሲያቃስትና ሲንቀጠቀጥ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም።

ይህን ስል ኢንቨርተር አይገዛ ማለቴ አይደለም። ከግማሽ በላይ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ኢንቨርተር የሌለው ጣቢያ አየር ለመቀነስ ብሎ የሩትሱን መውጫ ቫልቭ ሲያንቅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፦ ግፊቱ ይወጣል፣ አምፔሩ ይጨምራል፣ በመጨረሻም የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ የተከፈለበትን አየር ለሰማይ ያድለዋል። ኢንቨርተር ከዚያ ይሻላል። ቁጥሩ ግን እውነተኛው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። ለመተማመኛ 4 ሚሊ ግራም ይያዝ መባሉ እጅግ አሳስቦኛል፤ ምክር መስሎ የሚገባ፣ ሒሳብ ሆኖ የሚመጣ ነገር ነውና።

ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በአየሩ ግፊት ይወሰናል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በጅቡቲ ወደብ ዳር በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ይይዛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕሩ ዳር ሲነጻጸር 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው 7.3 ገደማ ብቻ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ደሴ ስንገባ ወደ 6.7 ይወርዳል። የፍሳሽ ውሃ፣ በተለይ ሳሙናና ቀለም ያለበት፣ ከዚህም ያነሰ ትብብር ነው የሚያደርገው።

ኦክስጅን ከአረፋው ወደ ውሃው የሚገባው ባለው ክፍት ቦታ ልክ ነው። የሠርግ ዳስን አስቡ። ባዶ ሳለ እንግዳው ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሊሞላ ሲል ግን እያንዳንዱን ሰው ለማስገባት አስተናጋጁ መጋፋት አለበት። ጅቡቲ ላይ ገንዳው 2 ሚሊ ግራም ካለው ክፍቱ 7.1 ነው፤ 4 ላይ ያዙት ከተባለ 5.1 ይሆናል። ያንኑ ኦክስጅን ለማስገባት 39 በመቶ ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ክፍቱ ከ5.3 ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ተጨማሪው አየር 61 በመቶ ነው። ደሴ ላይ ከ4.7 ወደ 2.7፤ 74 በመቶ። ገንዳው ጥልቅ ሲሆን ውሃው አረፋውን ስለሚጫነው ቁጥሮቹ ትንሽ ይለዝባሉ፤ አቅጣጫቸው ግን አይለወጥም። ያው ስሕተት፣ በሦስት ከተማ ሦስት ዋጋ አለው፤ ዳገት በወጣን ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል። ጽሑፉ ለወሎ ተጻፈ ተብሎ ስለ ወሎ ከፍታ አንድ መስመር የሌለበት መሆኑ ያስገረመኝ ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? ባክቴሪያው 2 ላይ የሚበላበት ፍጥነትና 4 ላይ የሚበላበት ፍጥነት የሚለያዩት በጥቂት በመቶ ነው። የጠገበ ሰው ሁለተኛ ሞሰብ ቢቀርብለት ለአክብሮት ይቆርሳል እንጂ አይበላም። እርግጥ ከ1 በታች አዘውትሮ መውረድ አደገኛ ነው፤ ክር መሰል ባክቴሪያዎች ይነግሡና ዝቃጩ አልረጋ ብሎ ከጠራው ውሃ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ከ1.5 እስከ 2 ባለው ውስጥ መያዝ በቂ ነው። መተማመኛ የሚሻ ሰው ገንዘቡን ሴንሰር ማጽዳት ላይ ያውለው።

ከፍታው በዚህ አያበቃም። እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ ያነሰ ስለሆነ፣ ብሎወሩ በካታሎጉ ከተጻፈው በሩብ የበለጠ አየር መሳብ አለበት። ሞተሩም ቢሆን ጀርባው ላይ የተለጠፈችው የኪሎ ዋት ቁጥር ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የተሰጠች ናት፤ ከዚያ በላይ ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዘው አቅሙ ይቀነስለታል። ካታሎጉን ያዘጋጀው ሰው ኮምቦልቻን አላያትም።

ወደ ሴንሰሩ ልለፍ። አንድ ሴንሰር ይበቃል፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል ተብሏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ውስጥ፣ የሌሊት ተረኛው ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ብሎወሩ ሙሉ ፍጥነት ላይ ነው፣ ኦክስጅኑ ግን 0.6 አልፎ አልወጣ አለ” አለኝ። ሄድኩ። ገንዳው እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ስክሪኑ 0.6 ይላል። ሴንሰሩን ከውሃው ሳወጣው እንደ አባ ጨጓሬ ጸጉር የለበሰ አተላ ሸፍኖታል። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ አጥቤ መለስኩት፤ ቁጥሩ ዘሎ ከ5 በላይ ወጣ። ለካ በሴንሰሩ አፍ ላይ የተጋገረው አተላ ራሱ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ኦክስጅኑ ሴንሰሩ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበላዋል። የቆሸሸ ሴንሰር ረሃብ ያወራል። ኮምፒውተሩም አልሰነፈም፤ የተነገረውን አምኖ፣ የታዘዘውን ፈጸመ። ያ ሁኔታ ስንት ሌሊት እንደዘለቀ ማንም አላወቀም፤ ልጁ የደወለው ድምፁ እንቅልፍ ስለነሣው ነው።

የሰው እጅ አያስፈልግም የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሴንሰሩን የሚያጥብ፣ ስሙ በቅጹ ላይ የሚጻፍ ሰው ያስፈልጋል። ሴንሰሩም ሁለት ይሁን፤ ሁለቱ በ0.5 ከተለያዩ ማንቂያው ይጩህ። ሁለቱም ካበዱ ሥርዓቱ ወደ ሙሉ ፍጥነት መሮጥ የለበትም፤ በየሰዓቱ አስቀድሞ ወደተወሰነለት መካከለኛ ፍጥነት ይመለስ። ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት መስመር ነው፤ ከሻጩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

በነገራችን ላይ፣ ሴንሰር በአየር ላይ ተይዞ ሲስተካከል መሣሪያው የአካባቢውን የአየር ግፊት ይጠይቃል። ብዙዎች ፋብሪካው ሞልቶ የላከውን የባሕር ወለል ቁጥር እንዳለ ይተዉታል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው እዚህ በሩብ አስበልጦ ያነባል፤ እውነተኛው 2 ሲሆን 2.5 ይላል። ጎበዝ ነኝ ያለ ደግሞ ከስልኩ የአየር ትንበያ ላይ ግፊቱን አይቶ ይሞላል። እሱም ወጥመድ ነው፤ የትንበያው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ለኮምቦልቻ 81 ኪሎ ፓስካል አካባቢ፣ ለደሴ 75 አካባቢ ካልሆነ ቁጥሩን አትመኑት።

መቆጣጠሪያው ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ መቃኘት፣ ማለትም ለለውጥ ምን ያህል ቶሎና በምን ያህል ኃይል እንደሚመልስ ማስተካከል፣ የሚባል ሥራ አለ፤ ጽሑፉ ስለዚህ ዝም ብሏል። እኛ የባቲና የአምባሰል ልጆች ቅኝት ምን እንደሆነ አስረጂ አንፈልግም፤ በትዝታ የተቃኘ ክራር ባቲን አይጫወትም። አንድ ጊዜ ባለሙያ ነኝ ባይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቃኝቶልን ሄደ። ኦክስጅኑ በትንሹ ዝቅ ሲል ብሎወሩ ይጓራል፤ ከፍ ሲል ይተኛል፤ በየሁለት ደቂቃው። ቺንጋው በወሩ ተበላ። አየር ጨምረን የኦክስጅኑ ቁጥር እስኪለወጥ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ መቆጣጠሪያው ያንን መዘግየት ካልታገሠ ራሱን በራሱ ያባርራል። በኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው፦ ዝግተኛው ክፍል ኦክስጅኑን እያየ ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ ይወስናል፤ ፈጣኑ ክፍል ያንን አየር ከብሎወሩ ያስወጣል። ነገሩ ሰከነ።

ትልቅ ብሎወር ይገዛ የሚለው ምክር ላይ መቆየት አለብኝ፤ መቆጣጠሪያውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ፍሳሽ ከዛሬው እጥፍ ይሆናል ተብሎ ማሽኑ ተመረጠ እንበል። የዛሬው የቀን ከፍተኛ ፍላጎት የማሽኑ ግማሽ ነው። ሌሊት ላይ የሚመጣው የቀኑ ሲሶ ቢሆን፣ ከማሽኑ አቅም አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ሩትስ ብሎወር ከ40 ወይም ከ50 በመቶ በታች ፍጥነት ላይ ከቆየ ይግላል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ስድስተኛ አይወርድም። ኢንቨርተሩ ዝቅተኛ ወሰኑ ላይ ተቀምጦ፣ ኦክስጅኑ 6 ሲገባ እያየ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ማድረግ አይችልም። በወርቅ የተገዛ መቆጣጠሪያ እጁ ታስሮ ያድራል።

የወሎ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ የበዓሉ ቁጥር ሁለት እጥፍ ነው፤ ገናና ጥምቀትም ይከበራል፣ ኢድና መውሊድም ይከበራል፣ ጎረቤት የጎረቤቱን በዓል አብሮ ይውላል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ ቀን በፈረቃ የሚለካ ሆኗል፤ ፈረቃ በቆመ ቀን ከፋብሪካ የሚመጣው ፍሳሽ እንደ በጋ ምንጭ ይደርቃል። የሥርዓቱ ብቃት የሚለካው በከፍተኛው ቀን ሳይሆን በእነዚህ ባዶ ቀናትና ሌሊቶች ነው። ስለዚህ ሁለት ግዙፍ ማሽን ገዝቶ አንዱን መጠባበቂያ ከማድረግ፣ አንድ ትንሽና ሁለት መካከለኛ ገዝቶ ለወደፊቶቹ ደግሞ መሠረቱን አፍስሶ፣ የቧንቧውን አፍ በክዳን ዘግቶ ቦታ መተው ይሻላል። ዕድገቱ ሲመጣ ማሽኑ ይመጣል። ካልመጣም ያልተገዛ ብሎወር ኤሌክትሪክ አይበላም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አየሩ ሲቀነስ ዝቃጩ ወለል ላይ እስኪተኛና ዲፊውዘሮቹ እስኪደፈኑ ድረስ መሆን የለበትም፤ ለማማሰል የሚበቃ ዝቅተኛ አየር አለ፣ እርሱም በስሌቱ ውስጥ ይግባ።

የአሞኒያ መለኪያው አያከራክረንም። ለከተማ የሽንት ቤት ፍሳሽ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅን ስለሚወስድ አየሩን በአሞኒያው ልክ ማዘዝ ያዋጣል። የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን የሚያንሰው ነው፤ ባክቴሪያው እንዳይራብብን ገበሬው የሚያውቃቸውን ዩሪያና ዳፕ ገዝተን የምንጨምርለት እኛ ነን። ገዝተን የጨመርነውን መልሶ ለመለካት ውድ መሣሪያ መትከል ምን ይባላል?

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ኦክስጅኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው በባትሪ ነቅቶ ከቆየና በትክክል ካልተጻፈ፣ ጉድለቱን እያጠራቀመ እንደ አራጣ አበዳሪ ይጠብቃል፤ መብራት ሲመጣ ሁሉንም ብሎወር በአንዴ በሙሉ ፍጥነት ያስነሣል። ፊውዙም ኩሺኔታውም ዋጋ ይከፍላሉ። መብራት በጠፋበት ጊዜ ማጠራቀሙን እንዲያቆም፣ ሲመለስም ማሽኖቹን በየተራ እንዲያስነሣ መታዘዝ አለበት። ባክቴሪያው ጥቂት ሰዓት ያለ አየር ቢቆይ አይሞትም። ስለዚህ በጄኔሬተር ላይ ትንሹን ብሎወር ብቻ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚገኘው 3 ወይም 3 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ነውና፣ በናፍጣ አረፋ ማፍላት የሚያስችል ኪስ ያለው ጣቢያ አላውቅም።

ጸሐፊው ተቆጣሁ ብለው እንዳያስቡብኝ። የተነሡበትን ዓላማ እኔም እፈልገዋለሁ፤ ብሎወሩ ውድ ነው ተብሎ በጠፋ ቁጥር ያልተጣራው ውሃ የሚወርደው ወደ ቦርከና ወንዝ ነው፣ ከቦርከና በታች ደግሞ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ አለ። አንድ ጥያቄና አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ጥያቄው፦ የአንድ ስምንተኛዋ ቁጥር ከየትኛው ዓይነት ብሎወር፣ በስንት ሜትር የውሃ ጥልቀት ላይ ተለክታ መጣች? ልመናው፦ ማንኛውም ጣቢያ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ለአሥራ አራት ቀን፣ በዓልና እሑድ ሳይቀር፣ ኦክስጅኑንና የብሎወሩን አምፔር በየሰዓቱ በእጅ ጽፎ ይያዝ። እኛ ጋ ይህን ያደረግነው በተማሪ ደብተር ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ዓምድ ላይ 5 እና ከ5 በላይ ተደርድሮ ስናገኝ፣ በእነዚያ ሰዓታት ሁለተኛውን ብሎወር የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ከገበያ ገዝተን ገጠምን። ኢንቨርተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የታዘዘውም ደብተሩ ባሳየው መጠን እንጂ ካታሎጉ ባሳየው አልነበረም።